ሥራው የማን ነው?

በአገራችን አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ብቻ በነበረበት ዘመን፣ የበዓል ዝግጅት ሊጀምር ሲል ቤተሰቡ በቴሌቪዥኑ ዙሪያ ይሰበሰብና «ዛሬ እነ ማን ይመጡ ይሆን?» ይባባል ነበር። የሚጠበቁት ብዙ ጊዜ ጥንዶች ናቸው። አለባቸውና ልመነህ፣ ደረጀና ሀብቴ። አለባቸው ተካ፣ ልመነህ ታደሰ፣ ደረጀ ኃይሌ፣ ሀብቴ ምትኩ እያንዳንዳቸው ሙሉ ስም ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ እኛ ግን ለያይተን መጥራት አልለመድንም። አለባቸው በኋላ «አለቤ ሾው» የተባለውን የራሱን ዝግጅት ይዞ ሲመጣ እንኳ «ልመነህስ?» ያሉ አልጠፉም።

ያን ቀልድ መጀመሪያ ያሰበው ማን ነው? የጻፈው ማን ነው? ክፍያውንስ እንዴት ተካፈሉት? ብለን ግን ጠይቀን አናውቅም። ለተመልካች አያስፈልገውም፤ ከሳቀ በቃው። ለወላጅና ለአያት ግን ይህ ጥያቄ ዛሬ እቤት ድረስ መጥቷል። ቀልድና ድራማ የሚሠሩት የታወቁ ተዋንያን ብቻ መሆናቸው ቀርቶ ልጆቻችንም ከጓደኞቻቸው ጋር እየሠሩ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሲቀላ መንደሮች ውስጥ ያለፈ ሰው ያያቸዋል። ሦስት አራት ልጆች በማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ስልክ በድንጋይ አስደግፈው ይቆማሉ። አንዱ የእናቱን ነጠላ አጣፍቶ የተቆጣች እናት ይሆናል፤ ሌላው በቆመ ባጃጅ ላይ ተቀምጦ ከተሳፋሪ ጋር በሳንቲም ይከራከራል። አንዷ ደብተር ይዛ «ቆይ፣ እንደሱ አይደለም የሚባለው» እያለች ታርማለች። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ይስቃል። «ሥራ ፈቶች» የሚልም አይጠፋም። ልብ ብሎ ላየ ግን ልጆቹ ሥራ ላይ ናቸው።

የሚከተሉትን መልክ ከየት እንዳገኙት እናውቃለን። በጥላሁን ጉግሣ የሚመራውን «ቤቶች»ን አብረውን ተቀምጠው እያዩ ነው ያደጉት። በፋና ቴሌቪዥን ይቀርብ የነበረውን፣ በአንድ ካፌ ውስጥ አገርን የሚያሳየውን «ምን ልታዘዝ»ንም አይተዋል። ሲትኮም የሚባለው ይኸው ነው፤ ያው ሰው፣ ያው ቤት፣ በየሳምንቱ ግን አዲስ ጣጣ። ልጆች የሚወዱት ለመሥራትም ቀላል መስሎ ስለሚታያቸው ነው። ትልቅ ቦታ አይፈልግም፣ ውድ ልብስ አይፈልግም። የሚፈልገው ጥሩ ጽሑፍና እርስ በርስ የሚግባቡ ጓደኛሞች ነው።

ስለ ጓደኛሞች ከተነሣ፣ በዓለም ላይ እጅግ ከታዩት ሲትኮሞች አንዱ ስሙም «ጓደኛሞች» ማለት ነው። «ፍሬንድስ» የተባለው የአሜሪካ ሲትኮም እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2004 ለ10 ዓመታት የቀረበ ሲሆን፣ ዛሬም የእኛ ወጣቶች ከስልክ ወደ ስልክ እየተቀባበሉ ያዩታል። ከስድስቱ ጓደኛሞች አንዷ ፊቢ ጊታር እየመታች በካፌ ውስጥ ትዘፍናለች። ድምፅዋ ያን ያህል አይደለም፤ ዘፈኗም ጠረኗ ስለማይወደድ ስለ አንዲት ድመት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በቀረበ አንድ ክፍል ላይ አንድ የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት ይህንኑ ዘፈን ሊያስቀርጽላት ይወስዳታል። ምስሉ ተሠርቶ ሲመጣ ጓደኞቿ አብረዋት ተቀምጠው ያያሉ። በምስሉ ላይ ከንፈሯን የምታንቀሳቅሰው ፊቢ ናት፤ የሚሰማው ውብ ድምፅ ግን የሌላ ሴት ነው። ጓደኞቿ ገብቷቸዋል፣ ግን ማን ይንገራት? እርስዋ እንዲያውም በገዛ ድምፅዋ ማማር ተደንቃለች።

ነገሩ ሲገባት ተመልካቹ የሚጠብቀው ፊቢ ስለ ራስዋ እንድታዝን ነው። እርስዋ ግን የምታዝነው ለዚያች ለማትታየው ሴት ነው። ይህን የመሰለ ድምፅ ኖሯት መልኳ ያልታየ፣ ስሟም ያልተጠራ። ቀልዱ እንደ ዘበት ያልፋል፤ ቁም ነገሩ ግን አብሮን ይቆያል። አንድ ሥራ ሲያምር ከጀርባው ስሙ ያልተጠራ ሰው አለ ወይ? ብሎ ለመጠየቅ እንደ ፊቢ ያለ ልብ ይጠይቃል።

ይህ በቴሌቪዥን ሲሆን ያስቃል፤ በጎረቤት መካከል ሲሆን ግን ቡና ያለያያል። በዚሁ በሲቀላ የሰማሁትን ላንሣ። ሦስት የአንድ ሰፈር ልጆች አጫጭር ቀልዶች ይሠራሉ። አንደኛዋ ትጽፋለች፣ ሁለተኛው ይተውናል፣ ሦስተኛው ደግሞ ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ ስላለው ይቀርጻል፣ ይቆርጣል፣ ይቀጥላል። የተከፈተው ገጽ በባለ ስልኩ ስም ነው። ሲጀምሩ ይህን ያሰበበት የለም፤ የሚያየውም አልነበረምና። ከወራት በኋላ ተመልካች በዛ። አንድ የሰፈሩ ነጋዴ ዕቃውን እንዲያስተዋውቁለት ለባለ ስልኩ ልጅ ጥቂት ብር ሰጠው። ብሩ ብዙ አልነበረም። ጠቡ ግን ብዙ ሆነ።

ጸሐፊዋ «ቃሉ ሁሉ የኔ ነው» አለች። ተዋናዩ «ሰው የሚያየው እኔን ነው» አለ። ባለ ስልኩ «ያለኔ ስልክ ምን ነበራችሁ?» አለ። ሦስቱም እውነት ተናገሩ። ነገሩን ያከበደው ይኸው ነው፤ የሚዋሽ ቢኖር ኖሮ ፍርዱ ቀላል ነበር። ከዚያ እናቶች ገቡበት። «ስልኩን የገዛነው እኛ ነን» ሲባል፣ «ልጄን መጠቀሚያ አደረጋችኋት» የሚል መልስ መጣ። ለዓመታት ቡና ሲጠራሩ የኖሩ ሁለት ቤቶች ሰላምታ አቆሙ።

ነገሩን የያዙት የጸሐፊዋ አያት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሽመና ያሳለፉ የጋሞ አባት። ሦስቱንም ልጆች ጠርተው አስቀመጡና የጠየቋቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

«ልጆቼ፣ ስትጀምሩ ድሩ የማን፣ ማጉ የማን እንደሆነ ተነጋግራችሁ ነበር?»

«ኧረ አልተነጋገርንም አባባ» አሉ።

«እንግዲያማ የተጣላችሁት ዛሬ አይደለም፤ የተጣላችሁት የዚያን ዕለት ነው። ያስታወቃችሁ ዛሬ ነው እንጂ።»

ይህን አባባል ለመረዳት የሽመናን ሥራ ማወቅ ይረዳል፤ ለዚህ ደግሞ ከጋሞ ምድር የተሻለ ቦታ የለም። የዶርዜና የሌሎችም የጋሞ ደጋ ሸማኔዎች ስም ከአርባ ምንጭ እስከ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የታወቀ ነው። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የሚደምቅበት ዱንጉዛም የጋሞ መታወቂያ ሆኗል። አንድ ሸማ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይሠራም። ሴቶቹ ጥጡን አባዝተው ይፈትሉታል። ሌላው ድሩን ያደራል፣ ማጉን ያጠነጥናል፤ ለዚህኛው ልጅም ይታዘዛል። ሸማኔው መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ እየላከ ይሠራዋል። ጥለቱ ሲወጣ «ጥበብ» እንለዋለን። አማርኛችን ለሸማኔው ጌጥም፣ ለገጣሚውና ለተዋናዩ ሥራም አንድ ቃል መስጠቱ ያለ ነገር አይመስለኝም።

በሽመና ውስጥ አንድ የቆየ ልማድ አለ። ባለቤቲቱ የራስዋን ፈትል ይዛ ወደ ሸማኔው ትሄዳለች። ክሩ የእርስዋ ነው፤ ሸማኔው የሚከፈለው ለእጁ ዋጋ ነው። አለዚያ ደግሞ ሸማኔው በራሱ ክር ሠርቶ ለገበያ ያወጣል፤ ያን ጊዜ ሸማው የእርሱ ነው። ሁለቱም መንገድ ያስኬዳል። የማያስኬደው፣ ክሩ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ መሸመን ነው። አንዴ ድርና ማግ ከተጠላለፈ በኋላ «የኔን ክር አውጣልኝ» ቢባል ሸማው ይተለተላል እንጂ ክሩ አይመለስም። አያት ሊሉ የፈለጉት ይህን ነው። የልጆቹ ቀልድም እንደዚያው ነው፤ ጽሑፉን ከትወናው፣ ትወናውን ከምስሉ በኋላ መለየት አይቻልም። መነጋገር የሚቻለው አስቀድሞ ነው።

ስለ ድሮው ስናወራ ግን አሳምረን ብቻ አንናገር። ሸማኔው በሠራው ሸማ ላይ ስሙ ተጽፎ አያውቅም። ሸማውን ለብሶ የሚደምቀው ሌላ፣ ሲንቁት የኖሩት ግን ሸማኔውን ነው። ስም አለመጠራት ምን ያህል እንደሚያም የጋሞ አባቶች ከመጽሐፍ የተማሩት አይደለም። ስለዚህ አንድ የ14 ዓመት ልጅ «ስሜ አልተጻፈም» ብላ ስታለቅስ፣ «ይህም ነገር ሆኖ!» ብለን አንለፋት።

የአገራችን ሕግም በዚህ ላይ የሚለው አለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለወላጅ የሚጠቅሙ ጥቂት ነገሮችን ይዟል። አንደኛ፣ ሕጉ የሚጠብቀው ሐሳብን ብቻውን አይደለም፤ ሐሳቡ በጽሑፍ፣ በድምፅ ወይም በምስል ሲገለጥ ያንን አገላለጽ ነው። «እኔ ነኝ ያሰብኩት» ማለት ብቻውን በሕግ ፊት ብዙ አያስኬድም። ሁለተኛ፣ የራስ ፈጠራ የሆነ ድርሰት ተጽፎ ከተገኘ ጥበቃ ለማግኘት የግድ መመዝገብ የለበትም። ሦስተኛ፣ ሁለት ሰዎች አብረው የጻፉት ድርሰት የሁለቱም የጋራ ንብረት ነው። አራተኛ፣ ተዋናዩም በትወናው ላይ የራሱ መብት አለው። የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይቆያል። የተቀረጸ ምስልን በሚመለከት ግን አዘጋጅ የሚባለው ማን እንደሆነና በውል ምን እንደተባለ ይታያል፤ ስለዚህ ውሉ ዋና ነገር ነው።

ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላ ልጅ ደግሞ ራሱን ችሎ ውል ሊገባ አይችልም። በሕግ ፊት የሚቆምለት ወላጁ ወይም አሳዳጊው ነው። እንዲህ ከሆነ «የልጆች ጨዋታ ነው» ብለን ዞር ማለት አንችልም። ነጋዴው ለማስታወቂያ ብር ሲሰጥ፣ ጣቢያ ሲጠራቸው፣ ወረቀት ሲቀርብላቸው የሚፈርመው እጅ የእኛ ነው። ልጆቹ ከመጣላታቸው በፊት እኛ ማወቅ አለብን።

ስልኩን የገዛ ወላጅ ሊያስብበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የሽመና ዕቃው ባለቤት መሆን የሸማው ባለቤት አያደርግም። ዕቃው ዋጋ አለው፤ ባለ ዕቃው ከገቢው ድርሻ ይጠይቅ ዘንድ ይገባዋል። «ስልኩ የኛ ስለሆነ ሥራውም የኛ ነው» ማለት ግን ልጃችንን ሁለት ነገር ያሳጣዋል። ጓደኞቹንም፣ እነርሱ ሲሄዱ አብሮ የሚሄደውን ጽሑፍና ትወናም ያጣል።

«ፍሬንድስ»ን መልሰን እናንሣና፣ ከመድረኩ ይልቅ ከመድረኩ ጀርባ የሆነውን እንይ። ስድስቱ ተዋንያን በአንድ ወቅት ክፍያቸው አንድ ዓይነት አልነበረም፤ ይበልጥ የታወቁት ከሌሎቹ የተሻለ ይከፈላቸው ነበር። ከእነዚህ አንዱ የነበረው ዴቪድ ሽዊመር ለብቻው ተደራድሮ ገንዘቡን መጨመር ሲችል፣ ስድስቱ አንድ ላይ ሆነው እኩል እንዲደራደሩ ሐሳብ አቀረበ። ከሦስተኛው ምዕራፍ ጀምሮ እኩል መከፈል ጀመሩ። ይበልጥ ይከፈለው የነበረው ሰው ለጊዜው የተጎዳ ይመስል ነበር። በመጨረሻዎቹ ሁለት ምዕራፎች ግን ስድስቱም ለአንድ ክፍል በነፍስ ወከፍ አንድ ሚሊዮን ዶላር ይከፈላቸው ነበር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት እኛ ነን የምንተርተው፤ እነርሱ ሠርተውበታል።

ይህ ማለት ሁልጊዜ እኩል መካፈል አለበት ማለት አይደለም። ሌሊቱን ሲጽፍ ያደረና ለአምስት ደቂቃ መጥቶ የተወነ ልጅ እኩል ላይደክሙ ይችላሉ። እኩልም ይሁን አይሁን፣ መጠኑን ሁሉም አስቀድመው ያውቁት፤ በፈቃዳቸውም ይሁን። ስድስቱ ተዋንያን የተነጋገሩት ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ የሲቀላዎቹ ሦስቱ ልጆች ግን ከመጣ በኋላ።

እንግዲህ ልጃችን «ከጓደኞቼ ጋር ቀልድ ልንሠራ ነው፣ ዘፈን ልናወጣ ነው፣ ሥዕል ልናሳይ ነው» ሲለን፣ «ትምህርትህስ?» ከማለታችን ጋር እነዚህንም እንጠይቀው። ከእናንተ ማን ምን ይሠራል? ገጹ የሚከፈተው በማን ስም ነው፣ የይለፍ ቃሉንስ ማን ማን ያውቃል? በመጨረሻው ላይ የሁላችሁም ስም ይጻፋል ወይ? ብር ቢመጣ እንዴት ትካፈላላችሁ? አንዳችሁ ብትወጡ እስከዚያ የተሠራው ምን ይሆናል? መልሱ በአንድ የደብተር ገጽ ላይ ይጻፍ፤ ቀን ይኑረው፤ ሁሉም ይፈርሙበት፤ ከእያንዳንዱ ቤት አንድ ትልቅ ሰው ይየው። ጠበቃ አያስፈልገውም። ወረቀቱ በፍርድ ቤት ይጸናል አይጸናም አሁን አያስጨንቀን፤ ሲጻፍ ልጆቹ የግድ ይነጋገራሉ፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው።

ጠቡ ቀድሞ ከመጣ ደግሞ የጋሞ አባቶች መንገድ አለ። ዱቡሻ የሕዝቡ መሰብሰቢያ አደባባይ ነው። ነገር የሚጀመረው በምርቃት ነው፤ ተናጋሪው ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል፤ ስምምነት እስኪገኝ ድረስ ይነጋገሩበታል። በመስከረም 2011 ዓ.ም አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በተቆጡ ወጣቶች ፊት ተንበርክከው በአርባ ምንጭ ሊደርስ የነበረውን ጥፋት ያስቀሩት ይህን ባህል ይዘው ነው። ያን ያህል ቁጣ ያበረደ መንገድ ለሦስት ልጆች ጠብ አያንስም።

ሸማኔው አያት ያደረጉትም ይህንኑ በትንሹ ነው። መርቀው ጀመሩ። እያንዳንዱ ልጅ ሌሎቹ ሳያቋርጡት ተናገረ። ቀጥለው አንድ ነገር ጨመሩ፤ እያንዳንዱ ስለ ራሱ ሳይሆን የጓደኛው ሥራ ባይኖር ምን ይጎድል እንደነበር እንዲናገር። ባለ ስልኩ ልጅ ስለ ጸሐፊዋ ሲናገር ድምፁ ተለወጠ አሉ። ብሩ ለሦስት ተካፈለ። ገጹ በልጁ ስም ቢቀጥልም የሦስቱም ስም ከእያንዳንዱ ሥራ በታች እንዲጻፍ ተስማሙ። ተዋናዩ ግን አልተመለሰም፤ ከሌሎች ልጆች ጋር ሌላ ጀምሯል። አያትም አልተጫኑትም። ዕርቅ ማለት ሁሉም እንደ ድሮው ይሆናል ማለት አይደለም፤ ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ፣ የሠሩትንም አይካካዱም። እናቶቹም ቡና መጠራራት ጀምረዋል።

አብዛኞቹ የልጆቻችን ቀልዶች በቴሌቪዥን አይታዩም፤ ብርም አያመጡም። በ15 ዓመታቸው የጀመሩትን በ17 ይተዉታል። ከሥራው በኋላ ግን አብረዋቸው የሚቆዩ ነገሮች አሉ። የሌላውን ድካም ማየትን፣ ስሙን መጥራትን፣ ገንዘብ ሲመጣ ፊትን አለመለወጥን የሚማሩት እዚያ ማንጎ ሥር ነው። ነገ ሱቅ በሽርክና ሲከፍቱ፣ ሲያገቡ፣ ርስት ሲካፈሉ የሚፈተኑትም በዚሁ ነው።

በዚህ ሳምንት ልጅዎ ወይም የልጅ ልጅዎ የሠራውን ይዞ መጥቶ ቢያሳይዎ፣ ይሳቁለት። ቀጥለውም «ከማን ጋር ሠራኸው? እሱስ ምኑን ሠራ?» ብለው ይጠይቁት። የጓደኛውን ስም ሳያመነታ ከጠራ፣ ደህና ልጅ አሳድገዋል።